ጭልፋ የያዘ አይቆጠርም

«ዛሬ ደሞዜን ለእናትህ አልሰጥም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ያለ ሰው ግን ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቤት ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። እትዬ ሚዛን ከልጇ፣ ከምራቷና ከሰባት ዓመት የልጅ ልጇ ጋር የምትኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ደግሞ አንድ ስስ ጣውላ ነው። ወዲህ ያስነጠሰ ሰው ወዲያ ካለው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር የምራቷን ድምፅ ሰማችው። ልስማ ብላ አይደለም። ከሰማች በኋላ ግን ማሰሪያውን ትታ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፤ ይህን መካድ አይቻልም።

«ክፍሏን አይቻታለሁ» አለች ምራቷ በሹክሹክታ። «ጠባብ ናት፤ ግን መስኮት አላት። ደሞዝ እንደተቀበልኩ ቀብዱን እከፍላለሁ።»

 አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ልጇ፣ «እማዬ ምን አደረገችሽ?» አለ።

«ምንም። ምንም አላደረገችኝም።»

እትዬ ሚዛን ቀሪውን ጠበቀች። ቀሪ የለም። ያ «ምንም» ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። «አስራበችን» ብትል መልስ ነበራት፤ «ምላሷ ይዋጋል» ብትልም ሌላ መልስ ነበራት፤ እንዲያውም ለዚህኛው ከምላሷ ጫፍ የማይጠፋ መልስ ነበራት። ለ«ምንም» ግን ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? «ወይ እጄ! አመድ አፋሽ!» አለች በልቧ፤ ማሰሪያዋንም እንደ ጆንያ አፍ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

እትዬ ሚዛን ስሟ አይደለም። የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ናት፤ ስሙን ያወጡላት ሠራተኞቹ ናቸው። ጨው እንኳ ሳትመዝን ድስት ውስጥ አትጨምርም። ቤቷንም የምታስተዳድረው እንደዚሁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኑሮ ጣራ ሲነካ፣ የልጇ የብየዳ ሥራ በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ሲወርድ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባ፣ «ከእንግዲህ የሁላችን ገቢ በአንድ እጅ ይገባል፣ በአንድ እጅ ይወጣል» አለች። የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአልጋዋ ሥር ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሰባት ፖስታዎች ተደርድረው ይኖራሉ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራትና ውሃ፣ መጓጓዣ፣ ሕመም፣ ሰባተኛው ደግሞ «የልጄ ኪስ»። በዚህ በሰባተኛው ልዩ ኩራት ይሰማታል። ሥራ ፍለጋ በየግንባታው በር ላይ ከሰው ጋር የሚቆም ወንድ ለጓደኛው ሻይ መጋበዝ ካቃተው አንገቱ ይሰበራል፣ አንገቱ የተሰበረን ሰው ደግሞ ማንም አይቀጥርም ባይ ናት።

ደግሞም ተሳክቶላታል። ሽንኩርት በኪሎ ሰባ ሲገባ እሷ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር በጆንያ አስመጥታ በሃምሳ አምስት በላች። የዘይት ጠርሙስ ሲያልቅ ሌሊቱን ሙሉ ተዘቅዝቆ ያድራል፤ ጠዋት ለአንድ እንቁላል የሚበቃ ጠብታ ይገኝበታል። የልጅቷ አሮጌ ደብተሮች ባዶ ገጾች ይነቀሉና፣ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ የሆነችው ምራቷ እንደ አዲስ ትጠርዛቸዋለች። በዚያው ግቢ ሁለት ቤተሰቦች ኪራይ አቅቷቸው ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሲሄዱ፣ የእነ እትዬ ሚዛን ቤት ከማንም አንዲት ሳንቲም ሳይበደር፣ ልጅቷም በክፍያ ምክንያት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ሦስት ዓመት ዘለቀ። እና አሁን ምራት ተብዬዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው!

ምራቷ ከክፍሏ ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው «ደህና አደሩ እማማ» አለች። «ደህና አደርሽ» ተባለች። ሻይ ቀዳች። ከዚያ በር አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከማተሚያ ቤት ያመጣችውን ካርቶን በእግሯ ልክ አጥፋ ጫማዋ ውስጥ አነጠፈች። የጫማው ሶል ከተበሳ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ «ወሩ ሲወጣ» ተብላለች፤ በሦስተኛው መጠየቁን ትታ ካርቶን ጀመረች። እትዬ ሚዛን ይህን አየችና፣ ወሩ እኮ ዛሬ ወጣ፣ ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት፣ ብላ አሰበች። አፏ ላይ ግን አልደረሰም። ሁለቱም ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቋቸውን አለቅልቀው ወደየሥራቸው ሄዱ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በጭንቅላቷ አሰላችው። ሁለት ኪራይ፣ ሁለት ጋዝ፣ ሁለት አምፖል። ልጇና ምራቷ ኪራያቸውን ከፍለው የሚተርፋቸው ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ምግብ ይበቃ እንደሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ የልጅቷ ትምህርት ቤት ይቆረጣል። እሷስ? ብቻዋን ሁለት ክፍል መክፈል አትችልም። ያንን ሒሳብ ጀምራ ተወችው። ዛሬ ያ ቀብድ ከተከፈለ ሦስት ዓመት በጥርሷ ነክሳ ያቆመችው ቤት ይፈርሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ማታ ስትመጣ ቁጥሩን ቁጭ አድርጌ አሳያታለሁ አለች። ቁጥር ፊት የሚቆም ሰው የለም።

የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ገና ሳይጠረግ የአስተዳደሩ ሹም ወረቀት ይዞ መጣ። መልካም ወሬ ሊያወራ ሲመጣ ወረቀት ይዞ አያውቅም።

«እትዬ፣ ዘይት በሊትር ሠላሳ ጨምሯል። የምሳው ዋጋ ግን እንዳይነካ ተብሏል። እንዴት ያደርጉታል?»

«ሽንኩርቱን በውሃ አበስለዋለሁ፤ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጣል አደርግበታለሁ» አለች ጎመን መክተፏን ሳታቆም። «ሰው ዘይት የሚያየው ከላይ ነው። ምስሩ ውስጥ ምን እንዳለ ጠልቆ የሚመረምር የለም።»

ሹሙ ሳቀና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። እውነትም አበቃችው። መቶ ሰማንያ ሠራተኛ በሦስት ተራ ገብቶ ምስርና ሩዝ በጎመን በልቶ ወጣ፤ ማንም አላጉረመረመም፤ አንዱ እንዲያውም «ዛሬ ቅባቱ ጥሩ ነው» ብሎ አለፈ። መቶ ሰማንያ የሚለው ቁጥር በየጠዋቱ ከቢሮ ተጽፎ ይመጣል። በዚያ ቁጥር ውስጥ የወጥ ቤት ሠራተኞች የሉበትም። ይህ የእትዬ ሚዛን የራሷ ደንብ ነው፤ ጭልፋ የያዘ አይቆጠርም። ድስት አጠገብ የቆመ ሰው እየቀመሰም ቢሆን ይጠግባል፤ ለራሱ ድርሻ ልቁጠር ካለ ግን የሌላውን ምሳ ይነካል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ደንብ ሠርታለች፤ አብረዋት የሚያበስሉት አራት ሴቶችም ምሳ ካለፈ በኋላ ባዶ ሣጥን ገልብጠው፣ ድስቱን መሐል አድርገው፣ የቀረውን እየተሳሳቁ ይበላሉ።

ያን ቀን ምሳ ካለፈ በኋላ ትልቁ ጭልፋ ጠፋ። እትዬ ሚዛን፣ ከሳህን ጋር ሄዶ ይሆናል ብላ ወደ ጓዳ፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገባች። ዕቃ የምታጥበው ሴት ከተቀጠረች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ዕድሜዋ ከእትዬ ሚዛን ብዙም አያንስም፤ ዝምተኛ ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። በግራ እጇ ከጠረጴዛ የተመለሰ ሳህን፣ በቀኝ እጇ ሌላ ሰው ነክሶ የተወው ቁራሽ ዳቦ። በዳቦው የሳህኑን ዳር ጠረግ አድርጋ ጎረሰች። ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሴትዮዋ ሳህኑን ቶሎ ውሃው ውስጥ ነከረችው፤ ጉሮሮዋ ላይ ያለው ግን አልወርድ ብሏት ቆየ።

«ምሳሽን አልበላሽም እንዴ?» አለች እትዬ ሚዛን።

«ድርሻዬ የቱ እንደሆነ የነገረኝ የለም።»

«ከድስቱ ነዋ! ሁላችንም ከድስቱ አይደል እንዴ የምንበላው?»

«ድስቱ እናንተ ጋ ነው» አለች ሴትዮዋ። ቅሬታ እንኳ አልነበረበትም፤ የትኛው በር በየት በኩል እንደሚከፈት እንደምትናገር ነበር። «እኔ ጋ የሚመጣው ሳህን ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ለመጠየቅ አፈርኩ እትዬ። ደግሞስ ምን ብዬ ልጠይቅ? ማንም ምንም አላደረገኝም።»

ይቺ «ምንም» ጠዋት ከጣውላው ወዲያ የሰማቻት ራሷ ናት።  እትዬ ሚዛን ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ ወጥ ቤት አስገባቻት፤ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠቻት፤ በንጹሕ ሳህን ሩዙንም ምስሩንም ከምራ እጇ ላይ አኖረችላት። «ከነገ ጀምሮ ቁጥራችን መቶ ሰማንያ ስድስት ነው» አለች ለሌሎቹ።

«ጭልፋ የያዘ አይቆጠርም ስትዪን አልኖርሽም?» አለች አንዷ አብሳይ።

«እሷ የያዘችው ጭልፋ ነው ስፖንጅ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ሚዛን ግን አልሳቀችም። ስለ ሰባቱ ፖስታዎች እያሰበች ነበር። የምራቷ ደሞዝ በየወሩ ሳይጎድል እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። «የልጄ ኪስ» የሚል ፖስታ አለ፤ የምራቷ የሚል የለም። ለምን እንደሌለ ራሷን ብትጠይቅ መልሱን ወዲያው አገኘችው፤ የወጥ ቤት ሰው አድርጋ ስለቆጠረቻት ነው። ልጇንና የልጅ ልጇን እንደ ተመጋቢ ነበር የምታያቸው፤ ምራቷን ግን እንደ ራሷ፤ ራሷን ደግሞ ቆጥራ አታውቅም። ክብር የሰጠቻት መስሏት ነበር። ግን ድስቱ መቼ ነው ምራቷ ፊት ቀርቦ የሚያውቀው? ቆርቆሮው ያለው እሷ አልጋ ሥር ነው። ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆማ መጽሐፍ ጠርዛ፣ ያገኘችውን ሁሉ አምጥታ አስረክባ፣ ከዚያ ለጫማ ሶል፣ ለፀጉሯ፣ በየወሩ ለሴት ልጅ ለማይቀርላት ነገር እንኳ አማቷ ፊት ቆማ አንገቷን ደፍታ ትለምናለች። ባሏ ከራሷ ደሞዝ ለጓደኞቹ ሻይ ይጋብዛል። እትዬ ሚዛን አፈረች። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ በወጥ ቤቱ መሐል፣ ጆሮዋ ድረስ ጋለባት።

አፍራ የምትቀመጥ ሴት ግን አይደለችም። ሽርጧን ፈታ ሰቀለች፤ «ዛሬ ድስቱን እናንተ ጨርሱት» አለችና ወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰዓቷ ቀድማ ወጥታ ስለማታውቅ ዘበኛው በሩን የከፈተላት ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አይቶ ነው። በታክሲ ሄደች። በታክሲ! የአውቶቡስን አራት እጥፍ ከፍላ፣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ወርዳ ምራቷን ስትጠይቅ፣ ጥበቃው «ጠራዧን ከሆነ ደሞዟን ተቀብላ፣ ፈቃድ ጠይቃ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥታለች» አላት።  እትዬ ሚዛን የቤቷን መንገድ በእግሯ ጀመረችው፤ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ታክሲ መሳፈር በሐዘንም ቢሆን አይሆንላትም።

ቤት ስትደርስ ምራቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። ልጇ ጓሮ ከልጁ ጋር ነው፤ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ስታነብለት ይሰማል። እትዬ ሚዛን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ከፈልሽ?»

ምራቷ ደነገጠች። ማን ነገረዎት አላለችም፤ ጣውላውን ቀና ብላ አየችና ገባት። «ከፈልኩ» አለች። «የግማሽ ወር።»

 የውሃ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ ሚዛን ተነሥታ ታጠብቀው ነበር።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ያንቺን ኪስ ረስቼዋለሁ» አለች። «በክፋት አይደለም። ክፋት አለመሆኑ ግን አንቺን ምን ይጠቅምሻል? የራስሽን ገንዘብ እኔን ስትለምኚ ኖረሻል። አጥፍቻለሁ ልጄ።»

ምራቷ ጣቶቿን፣ ሙጫ የደረቀባቸውን፣ አንድ በአንድ ታሻሽ ጀመር። ዓይኗ ሞላ፤ ግን አላፈሰሰችውም። «እንዳልሄድ ብለው ነው?» አለች።

«አይደለም። ከሄድሽም በሒሳብ ሂጂ። ነይ ቅረቢ፣ እናስላው።»

ከልጅቷ ደብተር አንድ ወረቀት ነቅላ እስክሪብቶ አነሣች። ከላይ፣ ከኪራዩም ከምግቡም በፊት፣ የምራቷን ኪስ ጻፈች። ከዚያ ኪራዩን፣ ጋዙን፣ መጓጓዣውን። ሽንኩርቱን ከጎረቤት ጋር በጆንያ እንድትገዛ ነገረቻት፤ አንድ ጋዝ ሁለት ወር እንዴት ማድረስ እንደሚቻል ነገረቻት፤ የልጅቷን ትምህርት ቤት ደግሞ ልጇ በኪስ ገንዘቡ የሚያጨሰውን ሲጋራ ቢያቆም ሊከፍለው እንደሚችል ነገረቻት። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ የደረሰው ምግብ፣ በቅን ልብ ሲሰላ ሃያ ስምንት ቀን ደረሰ። እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። አንዲት ቁጥር ብታዛባ ምራቷ ደንግጣ ትቀር ነበር። አላዛባችም። «ጠበብ ይላል» አለች፤ «ግን ይቻላል። መኖር ትችላላችሁ።»

ምራቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው።

«የእርስዎስ?»

«የእኔ ምን?»

«ይህን ቤት ብቻዎን በምን ይከፍሉታል?»

«እሱ የእኔ ሒሳብ ነው።»

«የታለ ታዲያ? አልጻፉትም እኮ።»

 ምራቷ እስክሪብቶውን ከአማቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችው። አዲስ መስመር ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ፣ እኩል አድርጋ፣ «የእማማ ኪስ» ብላ ጻፈች። «ስንት ልበል? ምንድን ነው የሚያስፈልግዎት?» አለች። ለመቶ ሰማንያ ሰው ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት የምትናገር ሴት ይህን ጥያቄ መመለስ አቃታት። ጣሪያውን አየች። የቧንቧውን ጠብታ ሰማች። ከስንት ዓመት ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው እንደሌለ አሰበችና ሆድ ባሳት።

«መነጽር» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቅርቡን ማየት ካቃተኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ሁለት ዓመት!» አለች ምራቷ። «እና ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳባችንን ሳያዩ ነው የያዙት?»

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች አይታወቅም። እትዬ ሚዛን ግን ጎኗን እስኪወጋት፣ ጠረጴዛውን በእጇ እየመታች ሳቀች። ልጇ ሳቁን ሰምቶ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ጠዋት ከሰማው ነገር ጋር አልገጥም ብሎት አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን ያያል።

«ምን ተገኘ?» አለ።

«ግባና ተቀመጥ» አለችው እናቱ እንባዋን እየጠረገች። «ያንተን ኪስ ለሦስት ልንከፍለው ነው።»

እሱም ወረቀቱን አየ፤ ከላይ የተጻፉትን ሁለት መስመሮች አነበበ፤ ሚስቱን ለማየት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። «ቀድሞም እንዲህ መሆን ነበረበት» አለ፤ ተቀመጠም። ምራቷ በዚህን ጊዜ ስልኳን አውጥታ ደውላ ነበር። ወዲያ ማዶ ያለው ደላላ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

«ሄሎ፣ ቀትር ላይ ቀብድ የከፈልኩት ነኝ። ክፍሏን ለሌላ ሰው ይስጧት። አዎ፣ የእርስዎን ቆርጠው የቀረውን ይመልሱልኝ፤ ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።» ትንሽ አዳመጠች። «አይ፣ ክፍሏስ ምንም አይወጣላትም» አለች። «ቤት አለኝ።»